የመኪና ጉብታ፣ የመስኮት ድምፅ ማጉያና የሐምሌ ጀንበር፦ የአንድ ድራይቭ ኢን ሲኒማ ግምገማ

በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ ምሽት ከቤተሰቤ ጋር በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ወደሚገኝ ድራይቭ ኢን ሲኒማ ሄጄ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልሞች በተከታታይ አይቻለሁ። ስለ ፊልሞቹ የምለው የለኝም፤ የምገመግመው ከመኪና ሳይወርዱ ፊልም የማየቱን አገልግሎት ነው።

በመጀመሪያ ያስደሰተኝ መሬቱ ነው። አስተናጋጁ ባሳየኝ ረድፍ ገብቼ የፊት ጎማዎቼ ዝቅተኛ ጉብታ ላይ እንደወጡ የመኪናው ፊት ቀና አለ፤ ከፊቴ የቆመው ባለ ረጅም ጣሪያ መኪና ከእይታዬ ወረደና ሸራው ሙሉ በሙሉ ታየኝ። የአገልግሎቱ ዋና ፈጠራ ይህ ጉብታ ነው። የኒው ጀርሲው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ ፕሮጀክተሩን መኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጦ፣ በግቢው ዛፎች መካከል ሸራ ወጥሮና ከሸራው ጀርባ ሬዲዮ አኑሮ ሲሞክር፣ የኋለኛው መኪና በፊተኛው እንዳይጋረድ ጎማ ሥር ግንድ እያስገባ ከፍታውን ይለካ ነበር፤ ዝናብ ቢመጣ መስተዋቱ ምን እንደሚሆን ለማወቅም በሣር ማጠጫ ውኃ ረጭቶበታል። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን በግንቦት 1933 እ.ኤ.አ. አግኝቶ፣ በሰኔ 6 በካምደን አቅራቢያ የመጀመሪያውን ድራይቭ ኢን ሲኒማ ከፈተ። ዋጋው ለመኪናው 25 ሳንቲም፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሌላ 25 ሳንቲም ሲሆን፣ ቤተሰቡ የቱንም ያህል ቢበዛ ለአንድ መኪና ከ1 ዶላር አይበልጥም ነበር። በ1949 የይግባኝ ፍርድ ቤት ዝግጅቱ ከጥንት ጀምሮ በቲያትር ቤቶች የሚታወቀውን የመቀመጫ አደራደር ለመኪና ከማዋል አያልፍም ብሎ መብቱን ውድቅ አደረገው፤ ከዚያ ረድፍ ላይ አንድ ምሽት ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ዳኞቹ ትንሽ ባመነቱ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ድምፁ በእጅጉ ተሻሽሏል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድምፅ ማጉያዎቹ ሸራው አጠገብ ስለነበሩ የኋላ ረድፍ ተመልካች ተዋናዩ አፉን ከከፈተ በኋላ ቃሉን ይሰማ፣ ጎረቤቱም ያለ ፍላጎቱ ያዳምጥ ነበር። ቀጥሎ የመጣው በመኪና መስኮት ላይ የሚንጠለጠለው ባለ ሽቦ ማጉያ ነው፤ እሱንም ረስተው ገመዱን በጥሰው የሚሄዱ አልጠፉም። ዛሬ ድምፁ በኤፍ ኤም ሬዲዮ ይመጣል፣ ጥራቱም የሚያስወቅስ አይደለም። ችግሩ ባትሪው ነው፦ ሬዲዮውን አራት ሰዓት ያህል ከፍቼ ከቆየሁ በኋላ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ከማለት በቀር አልነሳ አለ። ሠራተኛው ማስነሻ ይዞ ፈጥኖ መጣ፤ ፍጥነቱ ይህ በየምሽቱ የሚደርስ ጉዳይ መሆኑን ስለሚመሰክር፣ ትኬት ሲቆረጥ ሁለት ቃል ማስጠንቀቂያ ባለመስጠታቸው ቅር ብሎኛል።

የፈንዲሻው መሸጫ በእረፍት ሰዓት ረጅም ሰልፍ አለው፣ ዋጋውም ውድ ነው። ከትኬቱ ገቢ አብዛኛው ለፊልም አከፋፋዮች ስለሚሄድ ቤቱን የሚያቆመው ይህ መሸጫ እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ትልቁ እንከን በባለቤቱ እጅ ያለ አይደለም። ጀንበር እስክትጠልቅ ጠብቀን የመጀመሪያው ፊልም ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ተጀመረ፤ የመክፈቻው ደቂቃዎች በቀረው ብርሃን ደብዝዘው አለፉ፣ ሁለተኛው ሲያልቅም ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ልጆቹ ተኝተው ነበር። በ1966 የወጣው የሰዓት ሕግ በአብዛኛው አሜሪካ በበጋ ወራት ሰዓት ቆጣሪው በአንድ ሰዓት ወደፊት እንዲገፋ በማድረጉ ምሽቱን አዘገየው። በከተማ ዳር የመሬት ዋጋ መናርና ቪዲዮ ቤት ድረስ መግባቱ ሲታከሉበት፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ 4,000 ደርሰው የነበሩት የአሜሪካ ድራይቭ ኢን ሲኒማዎች ዛሬ 300 ገደማ ቀርተዋል።

ተመልሼ እሄዳለሁ፤ የምሄደው ግን መስከረም ሲጠባ፣ ቀደም ብሎ በሚመሽበት ጊዜ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ይዤ ነው።