ቀጣዩ መሣሪያ፦ ቦክስ ጊታር፣ ሊድ ጊታር፣ ኦርጋን ወይስ ሲንተሳይዘር? ለጎንደር ተጫዋቾች የቀረበ ንጽጽር

በአንድ መሣሪያ እጁን ያፍታታ የጎንደር ተጫዋች ሁለተኛውን ለመግዛት ሲያስብ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ድምፅ አለው?» (የስንት ዓይነት መሣሪያ ድምፅ ተጭኖበታል?) ብሎ ነው። ይህ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ጎላ ብሎ ቢጻፍም ለምርጫ የሚረዳው እምብዛም ነው። በቅድሚያ ሊመዘን የሚገባው መሣሪያው በቅኝቶቻችን ውስጥ ድምፅን ማንሸራተት መቻሉ፣ ከሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ጋር ያለ ችግር መገናኘቱና መብራት ሲጠፋ ሥራውን መቀጠሉ ነው።

ከቦክስ ጊታሮች የያማሃን ሲ40 እና ኤፍ310 እንውሰድ። ሲ40 የናይለን ክር የሚታሰርበት ሲሆን አንገቱ በላይኛው ጫፍ 52 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ኤፍ310 የብረት ክር የሚታሰርበትና 43 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ያለው ነው። ክራር እየተጫወተ ላደገ ሰው ሲ40 ይቀርበዋል፤ ክሩ ጣት አይቆርጥም፣ በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም ጣቶችን አንድ በአንድ ለማሳረፍ ይመቻል። ሆኖም በትዝታ ውስጥ ዘፋኙ ድምፁን ቀስ እያደረገ ወደ ላይ የሚስብበትን አኳኋን ለመከተል ክሩን በግራ እጅ ጣት ወደ ጎን ስንገፋው ናይለኑ የሚሰጠው ለውጥ ጥቂት ነው፤ የብረት ክር በተመሳሳይ ግፊት የበለጠ ይነሣል። ስለዚህ ለጣት አጨዋወት ሲ40ን፣ ዘፈን በኮርድ (በአንድ ላይ በሚሰሙ ድምፆች) ለማጀብ ኤፍ310ን እመርጣለሁ። ድምፁ ጎላ እንዲል በማሰብ በሲ40 ላይ የብረት ክር ማሰር ግን ጊታሩን ማጥፋት ነው። የናይለን ክሮች በድምሩ ወደ 40 ኪሎ፣ የብረቶቹ ደግሞ ወደ 70 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ስለሚስቡ ክሩ የታሰረበት እንጨት ከሆዱ ላይ ተላቆ ሊነሣ ይችላል።

ጎንደር ከክረምቱ እርጥበት ወጥታ ወደ በጋው ድርቀት ስትገባ የጊታር አንገት ስለሚኮማተር የፍሬቶቹ (በአንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ ከእንጨቱ አልፎ ይወጣል። ገዢው መዳፉን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ቢያሳልፍ፣ የሚቧጭር ነገር ካለ ወዲያው ይሰማዋል። ሁለቱም የተጠቀሱት ጊታሮች ፊታቸው ከተደራረበ ስስ እንጨት የተሠራ ነው፤ ይህ ድምፃቸውን ጥቂት ቢቀንስባቸውም የአየር ለውጥን ከወጥ እንጨት በተሻለ እንዲችሉ ያደርጋቸዋል።

የሮሃ ባንድን ሙዚቃ ሰምቶ በጊታር ተጫዋቹ በሰላም ሥዩም አጨዋወት የተማረከ ሰው ልቡ ወደ ሊድ ጊታር (በኤሌክትሪክ ወደሚሠራው ጊታር) ማዘንበሉ አይቀርም። እንደ ያማሃ ፓሲፊካ 112 ባለው ጊታር ላይ ክሩ ቀጭን ስለሆነ አንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ላይ መሳብ ይቻላል፤ ለባቲም ለአምባሰልም ከዚህ የሚበልጥ ጊታር የለም። ነገር ግን ያለ አምፕሊፋየር ዝም ያለ ዕቃ ነው፤ የአምፑ ዋጋ ከጊታሩ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

የጎንደር ሠርግ በጥር ሲደራረብ በብዛት የሚፈለገው ግን ኦርጋን ነው፤ ምርጫው የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። የያማሃ ፒኤስአር-ኢ373 እና ፒኤስአር-ኢ473 ሁለቱም 61 ቁልፍ አላቸው፤ ሁለቱም የጣትን ኃይል ይለያሉ፤ መብራት ሲጠፋም በስድስት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። የመጀመሪያው 622፣ ሁለተኛው 820 ድምፅ አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ አንድ የሠርግ ኦርጋኒስት ዓመቱን ሙሉ የሚጠቀምባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ትልቁ ልዩነት በግራ በኩል ያለው ድምፅ ማጠፊያ ተሽከርካሪ ነው፤ ኢ473 አለው፣ ኢ373 የለውም።

ይህ ለእኛ ሙዚቃ ቀላል ነገር አይደለም። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በክሩ ላይ አንሸራቶ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገር በመካከል ያለውን መንገድ ሁሉ ያሰማል፤ ተሽከርካሪ የሌለው ኦርጋን ግን ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ይዘላል። በአንቺሆዬ ውስጥ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ እያልን ስንሄድ ያ ዝላይ ወዲያው ጆሮ ይገባል። ተሽከርካሪው በግራ በመሆኑ ኮርድ የሚይዘው እጅ ምን ይሁን የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል፤ ምቱንና አጃቢ ሙዚቃውን ራሱ የሚያሰማው አውቶማቲክ አጃቢ ሲበራ ኦርጋኑ የመጨረሻውን ኮርድ ይዞ ስለሚቀጥል ግራ እጅ ኮርዱን ለቅቆ ወደ ተሽከርካሪው መሄድ ይችላል።

ኢ473 በተጨማሪ ለድምፅ ማጉያ የተለየ መውጫና የማይክ መግቢያ አለው። ኢ373ን ከማጉያ ጋር ማገናኘት የሚቻለው በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በኩል ነው፤ ጃኩ ሲገባ የራሱ ስፒከር ስለሚዘጋ ተጫዋቹ ራሱን ለመስማት በአዳራሹ ስፒከር ላይ ብቻ ይመካል። ለቤት ልምምድና ለልጅ ትምህርት ኢ373 ይበቃል። ለሠርግ ግን ጥቂት ወራት ታግሦ ገንዘብ ጨምሮ ኢ473ን መግዛት ይሻላል። ፋብሪካው የጫናቸው የ6/8 ምቶች በአመዛኙ ለሌላ ዓይነት ዘፈን የተሠሩ በመሆናቸው ችክችካውን በራሱ መንገድ መሥራት የሚፈልግ፣ የማሲንቆውንም አቃኛኘት ድምፅ በድምፅ ማስተካከል የሚሻ ሰው ደግሞ ወደ ፒኤስአር-ኤስኤክስ600 ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ እርሱ ግን በባትሪ ድንጋይ አይሠራም።

ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ተጫዋቹ ድምፁን ራሱ የሚቀርጽበት ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ ለጎንደር መድረክ ሁለተኛ መሣሪያ ሲሆን አይመከርም ባይ ነኝ፤ ሦስተኛ ሲሆን ግን ያምራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኮርግ ማይክሮኮርግ 37 ትንንሽ ቁልፎች ያሉትና በአንድ ጊዜ አራት ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ነው፤ በግራ ሦስት ድምፅ ኮርድ ይዞ በቀኝ ሁለት ለመጫወት የሞከረ ሰው አንዱ ሲቋረጥበት ይሰማል። ሮላንድ ጁኖ-ዲኤስ61 በአንድ ጊዜ 128 ድምፅ ስለሚችል ለባንድ የተሻለ ነው፤ በባትሪም ይሠራል። ሁለቱም የራሳቸው ስፒከር የላቸውም።

መሣሪያው ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣ ከሆነ ከመሰካቱ በፊት የኃይል ማስተላለፊያው ጀርባ ይነበብ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፤ «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ገና ሲሰካ ስለሚቃጠል፣ ቮልቱና የጫፉ ፖላሪቲ (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጥ) ከኦርጋኑ ጋር የሚስማማ ሌላ ማስተላለፊያ እስኪገኝ ድረስ በባትሪ ድንጋይ መጫወት ይሻላል።