የደሴው «ኢንጂነር» የቆርቆሮ ማሰሪያና ተገጣጣሚ ኮምፒውተር፣ ሁለቱንም ገዝቼ ያየሁት

ደሴ ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» እያለ የሚጠራቸው አንድ ሰውዬ አሉ፣ ኢንጂነሪንግ አልተማሩም፣ በደርግ ጊዜ ቴፕና ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አሁን ግን በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ በራሳቸው እጅ የሰሩትን ሁለት ነገር ይሸጣሉ፤ አንዱ የቆርቆሮ ማሰሪያ፣ ሌላው ደግሞ እንደ መሳቢያ እየተሳበ የሚወጣና የሚገባ ኮምፒውተር። ሁለቱን ምን አገናኛቸው አትበሉኝ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ ነው የመጣው። ግን ሁለቱንም ገዛሁ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ተጠቀምኩባቸው፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከማሰሪያው ልጀምር። የእማዬ ቤት ኩታበር ነው፣ ኩታበርን የሚያውቅ ንፋሱን ያውቀዋል። ሌሊት ቆርቆሮው መንኳኳት ከጀመረ እማዬ አትተኛም፣ ጠዋት ስናይ ደግሞ ሁለት ሦስት ሚስማር አናቱን ቀና አድርጎ ቆሟል። በመዶሻ መልሰን እንመታዋለን፣ ሳምንት አይቆይም። እኔ ንፋሱ ቆርቆሮውን እየገፋው ይመስለኝ ነበር፣ ሰውየው ናቸው ያስረዱኝ፣ ንፋስ በጣራ ላይ ሲያልፍ ወደ ላይ ነው የሚስበው፣ ሚስማር ደግሞ የሚይዘው እንጨቱ ስለጨበጠው ብቻ ነው፣ የኛ ሞራሌ እርጥብ ባህር ዛፍ ሆኖ ነው የሚመታው፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ጭብጡን ይለቃል፣ በዛ ላይ ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ይዘረጋዋል ማታ ብርዱ ይሰበስበዋል፣ እንዲህ እያለ ሚስማሩን ትንሽ ትንሽ ይነቅለዋል። በአንድ ሌሊት የተነቀለ የሚመስለን ሚስማር ለካ ዓመቱን ሙሉ ሲወጣ ነው የከረመው።

የሳቸው ማሰሪያ ሚስማር አይደለም፣ ረጅም ብሎን ነው። ከላይ የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ልክ የሚቀመጥ ኮርቻ መሳይ ሮንዴላ አለው፣ ከሮንዴላው ስር ከከለመዳሪ የተቆረጠ ጎሚኒ፣ ከታች ደግሞ ሞራሌውን በሆዱ በኩል የሚያቅፍ የላሜራ ቀበቶ፣ ቀበቶው ላይ ዳዶ ተበይዷል። በትራፓኖ ትበሳለህ፣ ብሎኑን ከላይ ትሰዳለህ፣ ከስር ያለው ዳዶ ላይ ታጠብቃለህ። አለቀ። እንጨቱ ደረቀ አልደረቀ ቀበቶው ሞራሌውን ስላቀፈ የትም አይሄድም። አናቱ የሚፈልገው 10 ቁጥር ቁልፍ ነው፣ 10 ቁጥር ደግሞ የማንኛውም ባጃጅ ሹፌር ኪስ ውስጥ አለ።

አናጢያችን ሽማግሌ ናቸው፣ ሲያዩት አልወደዱትም። «ልጄ፣ ጣራ ነው የምንመታ ወይስ በቅሎ ነው የምንጭን?» አሉኝ። «አባባ እስቲ አንቱ ሞክሩት፣ ካልያዘ በሚስማር ትመልሱታላችሁ» አልኳቸው። አንዱን አሰሩና የመዶሻውን ጥርስ ከሮንዴላው ስር ሰክተው ባለ በሌለ ኃይላቸው ሳቡት፣ ቆርቆሮው ጎበጠ፣ ማሰሪያው ንቅንቅ አላለም። ዝም ብለው አዩትና «ወላሂ ይሄስ ይዟል» ብለው ቀጣዩን እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ለሙከራ ንፋስ በሚመታው በኩል ብቻ ነው ያደረግነው፣ ክረምቱ ሲወጣ በዛ በኩል አንድም አልላላም፣ በሚስማር በቀረው በኩል አራት ወጥቷል።

እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ኮርኒስ የተመታበት ቤት ከሆነ እርሱት፣ ከስር ሰው ገብቶ ቀበቶውን መያዝ አለበት። ላሜራው የተቆረጠበት ጠርዝ ዚንክ ስለሌለው ዝገት ጀምሮታል፣ ጠርዙ ስለት ነው ደግሞ፣ የኔን አውራ ጣት ጠይቁ። ጎሚኒውም ያሰጋኛል፣ ፋብሪካዎች ኢፒዲኤም የሚባል ፀሐይ የሚችል ጎማ የሚጠቀሙት በምክንያት ነው፣ ከለመዳሪ ስንት ዓመት ፀሐይ ላይ ተኝቶ ሳይሰነጠቅ ይቆያል? ዋጋው ከጎሚኒው ጋር ከሚሸጠው የቆርቆሮ ሚስማር ሦስት እጥፍ ነው። እኔ ግን ቀሪውን ጣራም በሱ ላስመታ ነው።

ሱቃቸው ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አለ፣ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው ማለት ነው፣ ለማሰሪያው ያገኙት ነው። ገዢው ሁሉ እሱን እያየ «መንግስት ፈትሾት አፅድቆታል» ይላል፣ ኧረ አይደለም ወገን። እሱ የሚለው ይሄ ሀሳብ የሳቸው ነው፣ ያለፈቃዳቸው ሌላ ሰው እየሰራ አይሸጥም ብቻ ነው፣ ጣራህ አይነቀልም የሚል ቃል የለውም። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሰረት ለአነስተኛ ፈጠራ 5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል፤ ዋናው ፓተንት ደግሞ 15 ዓመት ነው፣ ፈጠራው አገር ውስጥ ስራ ላይ እየዋለ ከሆነ 5 ይጨመርበታል። ለኮምፒውተሩ ያመለከቱት ዋናውን ነው፣ ገና አልወጣም።

አንድ ሰው ብሎንም ኮምፒውተርም መስራቱ የሚገርማችሁ ካላችሁ ግድግዳ ላይ የምንመታው ፊሸር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ፊሸር የሰው ስም ነው! አርቱር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ በ1958 እ.ኤ.አ. የናይለኑን ፊሸር ሰራ፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ካሜራው ፎቶ ሲያነሳ እኩል የሚበራ ፍላሽም ፈጥሯል፣ እየተገጣጠመ የሚሰራ የልጆች መጫወቻም አውጥቷል፣ ሲሞት ከ1,100 በላይ ፓተንት ነበረው። ይሄን ለኢንጂነሩ ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ቡና ደገሙልኝ።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። እኔ ፎቶኮፒና ጽህፈት ቤት ነው ያለኝ፣ ኮምፒውተር ካልሰራ እኔም አልበላም። ሰውየው ሀሳቡ የመጣላቸው ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ነው ይላሉ፣ ሞኒተር ተርፎለት ሲስተሙ የሌለው፣ ሲስተሙ ኖሮ ሀርድ ዲስኩ የተወሰደበት፣ ሁሉም ጎዶሎ ጎዶሎውን ታቅፎ ይመጣባቸው ነበር። እናም አምስት የላሜራ ሳጥን ሰሩ፣ ፓወር ሰፕላይ ለብቻው፣ ሀርድ ዲስክ ለብቻው፣ ዩኤስቢው ለብቻው፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ለብቻው፣ ማዘርቦርዱ ከነራሙ ከነሲፒዩው ደግሞ «እናት» የሚሉት ትልቁ ሳጥን ውስጥ። ሁሉም ከኋላ አንድ ሰሌዳ ላይ ይሰካሉ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር የአክስቴ ልጅ አይቶት «ይሄ እኮ ያው ተራ ኮምፒውተር ተበታትኖ ነው» አለ፣ ልክ ነው፣ ግን ግንቦት ላይ ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ሳጥኑን ስቤ አውጥቼ ሌላ ለመሰካት የፈጀብኝ ጊዜ ደንበኛው ለስላሳውን ጠጥቶ ከጨረሰበት ያንሳል። በዚህ አጨበጭብላቸዋለሁ። ባትሪውም ሃያ ደቂቃ ይይዛል፣ ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ከበቂ በላይ።

ከዛ ሰኔ መጣ፣ የፈተና ወረቀት ወቅት፣ ሰልፉ እስከ በር፣ እና የሀርድ ዲስኩ ሳጥን መነበብ አቆመ። ዲስኩ ደህና ነው፣ ሶኬቱ ነው የላላው። ይቀየራላ! ግን ሶኬቱ የትም የለም፣ እሳቸው ከድሮ አይዲኢ ኬብል (የድሮ ሀርድ ዲስክ ማገናኛ) ላይ እየነቀሉ ሽቦውን በራሳቸው ቅደም ተከተል የበየዱት ነው፣ ባለ 40 እግር፣ የትኛው እግር የት እንደሚሄድ የሚያውቁት እሳቸውና አላህ ብቻ። እሳቸው ደግሞ ለፓተንቱ ጉዳይ አዲስ አበባ ሄደዋል፣ ሁለት ሳምንት። በቃ ዲስኩን ብቻ አውጥቼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ልሰካ ብዬ ሳጥኑን ልፈታ ስል ምን ባይ ጥሩ ነው? በሪቬት ነው የተዘጋው፣ አንዴ ከተመታ በቁልፍ በማይፈታው! ጣራ ላይ 10 ቁጥር ቁልፍ የሚበቃው ብሎን የሰሩ ሰውዬ የሚፈታ ኮምፒውተር ብለው ሸጠውልኝ ሳጥኑን በሪቬት ዘግተውታል። ሪቬቱን በትራፓኖ በስቼ ነው ዲስኬን ያወጣሁት፣ ዲስኩ ላይ የብረት ብናኝ እንዳይገባ ስንቀጠቀጥ።

ሲመለሱ ተናደድኩባቸው፣ ምስጢሩ እንዳይሰረቅ ነው አሉኝ። እሺ፣ ግን ፓተንት እኮ ትርጉሙ ምስጢሩን ለመንግስት ጽፈህ ሰጥተህ በምትኩ ዓመታት ማግኘት ነው፣ አንዴ ካመለከቱ በኋላ ከኔ ምን ይደብቁታል? ደግሞ ይሄ መንገድ ተሞክሮ ታይቷል። አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፒሲ የካርድ መሰኪያው አሰራር ለሁሉም ክፍት ስለነበር ያገኘው ሁሉ ካርድ ይሰራለት ነበር፣ በ1987 ማይክሮ ቻናል የሚባል አዲስ መሰኪያ አምጥቶ ለሱ ክፈሉኝ ሲል ኮምፓክና ሌሎች ስምንት ኩባንያዎች በማግስቱ ዓመት የራሳቸውን አወጡና ትተውት ሄዱ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ፍሬምወርክ የሚባል ላፕቶፕ ደግሞ በጎኑ የሚገቡት ካርዶች ውስጣቸው ያው ዩኤስቢ ሲ ነው፣ ንድፉም ክፍት ነው፣ የፈለገ ሰው ቤቱ ይሰራል። የደሴው ኮምፒውተር ግን ሱቁ ከተዘጋ አብሮ ይዘጋል። ደሴ ካልሆናችሁ፣ ወልዲያም ሆነ ከሚሴ ካላችሁ፣ አትግዙት። ማሰሪያውን ግን በኩንታል ጫኑ።

ይሄን ሁሉ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፣ ለሐሜት እንዳይሆን። ባለፈው ቅዳሜ አምስቱንም ሳጥን ይዤ ሄድኩ፣ «ጋሼ፣ ሪቬቱን ሁሉ ነቅለው በራስዎ ብሎን ይሰሩልኝ፣ የሶኬቱንም ቅደም ተከተል በወረቀት ይጻፉልኝ» አልኳቸው። ብሎኑን አሰሩልኝ። ወረቀቱን ግን ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ሲያሹት ቆዩና፣ «ጀባ» ብለው ሲኒውን አቀበሉኝ፣ ከዛ የ20ዎቹን እግር ብቻ ጽፈው ሰጡኝ። ሌላው 20 ፓተንቱ ሲወጣ ነው አሉ።