የሙሽራ እናት ሜካፕ፦ የውበት ሳሎን ይሻላል ወይስ ቤት ድረስ የምትመጣ ባለሙያ?

የሰርግ ሰሞን በመጣ ቁጥር ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «እማዬን የት ላሠራት?» ስለ ሙሽሪት የሚጠይቀኝ የለም። የእሷ ነገር ከወራት በፊት አልቋል። እናቶቹ የሚታወሱት ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ነው። መልሴን አንዴ ልጻፈውና ይለቅ፦ ቤት ድረስ የምትመጣ ባለሙያ ቅጠሩ። ሳሎኑን ለፀጉር ብቻ ተጠቀሙበት።

ከዋጋው እንጀምር። አዲስ አበባ ላይ ለቤተሰባችን ሰርግ ስንጠይቅ ሳሎኖቹ ለአንዲት እናት ከ2,500 እስከ 4,000 ብር ጠሩልን። ቤት የምትመጣዋ 5,000 አለች። ለጊዜው ሳሎኑ የረከሰ ይመስላል። እስቲ ደምሩት። የታክሲ ደርሶ መልስ አለ። እናትን የምታጅብ እህት ወይም አክስት አለች፤ እሷም «እግረ መንገዴን» ብላ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች። ደግሞ «የሙሽራ ቤተሰብ ነን» የሚለው ነገር ከአፋችሁ ከወጣ ዋጋው ይሰቀላል። ቤት የምትመጣዋ ግን ሰው በጨመራችሁ ቁጥር ትቀንሳለች። እኛ እናትንና አክስትን በ8,000 ብር ተስማማን፤ ትራንስፖርቷንም እዚያው ውስጥ አስገባን።

ከገንዘቡ የሚብሰው ሰዓቱ ነው። ሳሎን ውስጥ የዋናዋ ባለሙያ እጅ ያለው ሙሽሪት ላይ ነው፣ መሆንም አለበት። ከዚያ ሚዜዎቹ ይከተላሉ። እናት መጨረሻ ላይ ለሠልጣኟ ትሰጣለች። በተለይ የሙሽሪት እናት ይህ አያዋጣትም። የሙሽራው አጀብ በር ላይ ሲደርስ ለብሳና ተሠርታ መቆም ያለባት እሷ ናት። የጓዳው ቁልፍ እሷ ዘንድ ነው። ለስላሳው የት እንደተቀመጠ፣ ለወጥ ቤት ሠራተኞቹ ማን እንደሚከፍል የምታውቀው እሷ ናት። ሳሎን ተቀምጣ ስልኳ አያርፍም። ቤት ከሆነች ግን መኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ወንበር ይደረግላታል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

አንዲት አክስቴ ልጇን ስትድር ሳሎን ተሠርታ ነበር። የሳሎኑን ስም አልጠራም። ፋውንዴሽኑ፣ ማለትም ፊት ሁሉ ላይ የሚቀባው የቆዳ ቀለም፣ ከቆዳዋ በሁለት ደረጃ የነጣ ነበር፤ ላዩ ላይ ፓውደር ተከመረበት። መስታወት ፊት ብዙም አያስታውቅም። ፎቶው ላይ ግን ፊቷ አመድ መስሎ፣ አንገቷና እጇ የራሷ ቀለም ሆኖ ወጣ። ሲሊካ የሚባለው ነጭ ብናኝ የበዛበት ፓውደር የካሜራ ፍላሽ ሲያርፍበት መንጣቱ የታወቀ ነው። ልጇ ጉልበቷን ስሞ ሲነሳ እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ስታደርገው ጥለቱ ቡናማ ሆነ። እስከ ዛሬ አልለቀቀም። የግራ ዓይኗ አርቲፊሻል ሽፋሽፍት በአንድ በኩል ተላቀቀና ቀኑን ሙሉ እየተጫነች ዋለች። ይህ ሁሉ ተከፍሎበት ነው!

ስለዚህ ቤት የምትመጣዋንም ቢሆን ከመቅጠራችሁ በፊት ፈትሿት። ፋውንዴሽኑን መንጋጋ ላይ ትቀባና እናትን በረንዳ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩ። ከአንገት ጋር ካልተመሳሰለ ቀለሙ አይደለም። ቀጥሎ በስልክ ፍላሽ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ጉንጯ ላይ ጫን አድርጋችሁ አንሱ። የእናት ጉንጭ በዚያ ቀን ስንት ሰው ይስመዋል! ጨርቁ ላይ የቀረው ሁሉ የእንግዳ ነጠላና ኮት ላይ ይቀራል። ይህን ሙከራ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አድርጉት፤ ቆዳዋ የሚቆጣ ከሆነም ያኔ ይታወቃል።

ሦስተኛ ምርጫ አለ፦ ዕቃውን ገዝቶ ለእህት ልጅ መስጠት። እጇ የተፈታ ልጅ ካለች አልቃወምም፤ ችግሩ ዕቃው ነው። የማክ ስቱዲዮ ፊክስ ፋውንዴሽን አሜሪካ ውስጥ ወደ 40 ዶላር ይሸጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ዶላር ከ100 ብር በላይ ነው። ቀረጥና ትርፍ ሳይነካው 4,000 ብር አለፈ ማለት ነው። ባለሱቁ በ900 ብር «ኦሪጅናል ነው» እያለ ቢምል አትመኑት። ፎርጅድ ነው። ካርቶኑ አንድ ዓይነት ነው፣ ጽሑፉም አንድ ዓይነት ነው። ፊት ላይ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ግን ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል። ነገሩ የቀለም ብቻም አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የያዛቸው ፎርጅድ ሜካፖች ሲመረመሩ ባክቴሪያና የእንስሳት እዳሪ ተገኝቶባቸዋል። ይህን ለእናቴ ፊት አልፈቅድም። ውጭ ዘመድ ካላችሁ ከውድ ስም ይልቅ የሜይቤሊንን «ፊት ሚ» ፋውንዴሽን አስመጡ፤ እዚያ አገር ከ10 ዶላር ብዙ አይርቅም፣ ለጠየም ቆዳ የሚሆን ቀለምም አለው።

አሠራሩ ላይ የምለው ትንሽ ነው። በዕድሜ የገፋ ቆዳ መጀመሪያ ክሬም ይፈልጋል፤ ክሬሙ እስኪገባ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ፋውንዴሽኑ ስስ ይሁን። ፓውደር ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ። ዓይን ሥር ከበዛ መስመሩን ሁሉ ያወጣዋል። የሚያብለጨልጭ አይሻዶው ይቅር፤ ጥበቡ ራሱ ይበቃል። ማስካራው ውሃ የማያስለቅቀው ይሁን፣ ምርቃት ላይ ማልቀሷ አይቀርም። አርቲፊሻል ሽፋሽፍቱን ደግሞ ከዋጋው ላይ አስቀንሱት። ላብ ሲመጣ በሶፍት ጫን ጫን እንጂ ማሸት የለም። ቅንድብ በክር የምታስነሳ ከሆነ ሦስት አራት ቀን ቀደም ትበል። ሹሩባ ከተሠራችም ቅቤው ያን ዕለት ይቅርባት፤ ድንኳኑ ሲሞቅ ግንባር ላይ ወርዶ ሁሉንም ያበላሻል።

ፀጉር ላይ ሳሎኑ ይበልጣል። መታጠቢያውም ካስኩም እዚያ አለ። ዋዜማውን ሄዳ ፒያስትራዋን ትሠራ፤ ሌሊቱን በሻሽ አስራ ትደር።

ቀብድ ስትሰጡ ከሲሶው አትለፉ። የምትመጣበትን ሰዓት በቴክስት አስጽፏት። የመልሱን ቀን ዋጋም ያኔውኑ ጨርሱ። እኛ ለሰርጉ ብቻ ተነጋግረን ለመልሱ ስንደውል እንደ አዲስ 5,000 ተባልን፤ ከሰርጉ በፊት አብረው የተዋዋሉት ጎረቤቶቻችን ግን የመልሱን በግማሽ ዋጋ አስጨርሰዋል።