የእናቴን ጉልበት የለካው አናጢ

ይህችን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት አመነታሁ። አናጢው «ስሜን እንዳታነሺ፣ አደራ» ስላለኝ ነው። አላነሳም። ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ያላችሁ፣ የተሰበረ የቤት ዕቃ ይዛችሁ መላ ያጣችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በ2014ቱ ጦርነት ቤታችንን ቆልፈን ወጣን። ስንመለስ ሶፋው የለም፣ ቡፌው የለም፣ የእናቴ ሲኒዎች እንኳ የሉም። የማድ ቤቱ በር ተገንጥሎ ግቢው ውስጥ ተጥሏል። የተረፈው የአባቴ የዋንዛ አልጋ ብቻ ነው። ከብዷቸው መሰለኝ። እሱም አንድ እግሩ ተሰብሮ ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሠርጉ ያሠራው አልጋ ነው። እናቴ ማንም እንዲነካው አልፈለገችም። አልጋውንም በሩንም ጓዳ አስገብተን በፕላስቲክ ወንበር ኑሮ ጀመርን።

ትንሽ ገንዘብ ስንይዝ የደረሰብንን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሰው 8,000 ብር ቀብድ ተቀበለኝ። «ለፋሲካ ይደርሳል» አለ። ፋሲካ አለፈ። ስደውል «ነገ»፣ ስደውል «መብራት የለም»፣ በመጨረሻ ስልኩም ጠፋ። ያ ብር የስንት ወር ቁጠባ እንደሆነ የምናውቀው እኔና እናቴ ነን። ቀጥሎ ከአንድ ፈርኒቸር ቤት ቡፌ በዱቤ ገዛሁ። ሲያብረቀርቅ ዓይን ይወስዳል። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ነሐሴ ላይ የቡፌው እግር እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ለካ ቺፑድ ኖሯል። ብነግራቸው «ውሃ አስነክተሽው ነው» ብለው መለሱኝ። ሦስተኛው ደግሞ የአባቴን አልጋ ሊያይ መጥቶ በእግሩ ገፋ አደረገና «ይሄማ ማገዶ ነው» አለ። እናቴ እዚያው ቆማ ነበር። እሱን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

የአሁኑን ያገኘሁት በጎረቤታችን ጥቆማ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ በአንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይሠራል። ሊያይ ሲመጣ ግድግዳውን ይለካል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እንጨቱን በእጁ ዳሰሰው። «ዋንዛ እኮ ነው። እንዲህ ያለ አሁን የት ይገኛል?» አለ። ከዚያ እናቴ ከወንበሯ ለመነሳት ስትታገል አያት። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ሜትሩን ይዞ ፊቷ በርከክ አለና «እማማ፣ ካልከፋዎት ጉልበትዎን ልለካው» አለ። ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ለክቶ ወረቀት ላይ ጻፈ። «ዝቅ ያለ ሶፋ አይሆናቸውም። መቀመጫውን በእሳቸው ልክ ነው የምሠራው» አለኝ።

እኔ ልጇ እንኳ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ቀጥሎ «ቡና የሚያፈሉት እሳቸው ናቸው?» ሲል ጠየቀ። ዝም አልን። እናቴ በርጩማ ላይ መቀመጥ ካቃታት ሁለት ዓመት ሆኗታል። እኔ አፈላለሁ፣ እሷ ከወንበሯ ሆና «አውጪው፣ ሊገነፍል ነው» ትለኛለች። ወሎ ተወልዶ፣ አቦል ቶና በረካ ሲያፈላ ለኖረ ሰው፣ ጀበና ከእጅ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አናጢው ምንም አላለም። ወረቀቱ ላይ ሌላ ቁጥር ጨመረ። ሲወጣ ወደ እናቴ ዞሮ «አልጋውን እሺ ካላሉኝ አልነካውም» አላት። እናቴ ራስጌውን ዳበስ ዳበስ አድርጋ «ለአንተስ እሺ» አለችው። ለማንም እሺ ብላ የማታውቀው ሴትዮ!

«አርብ ጁምዓ ነው፣ ኢንሻአላህ ቅዳሜ እጀምራለሁ፣ አብሽሪ» አለኝ። አላመንኩትም። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ሲያንኳኳ ገና ቁርስ አልበላንም።

መቀመጫውን የሠራው ከፓሌት ነው፣ ዕቃ ከሚጫንበት የእንጨት ርብራብ። ፓሌቶቹን ያመጣው ከኮምቦልቻ ነው፣ ዕቃ ከተራገፈ በኋላ የሚጣሉትን። ማህተማቸውን እያገላበጠ ያያል። ኤች ቲ የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ ኤም ቢ የሚለው ግን በመርዝ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ቤት አላስገባውም አለኝ። ሌላም ብዙ አስረድቶኛል፣ አልያዝኩትም። የያዝኩት እኔን ያሠራኝን ነው። ብርጭቆ ወረቀት ሰጥቶኝ «በእንጨቱ መስመር ሂጂ፣ አትሻገሪው» አለኝ። የምስማሩን ቀዳዳ ሰጋቱራ በኮላ ለውሰን ደፈንነው። የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠን ትራስ አደረግን፣ ልብሱን ከጆንያ እኔው ሰፋሁት። የአባቴ አልጋ ራስጌ ሳይቆረጥ የመቀመጫው መደገፊያ ሆነ። ግድግዳው ላይ የእናቴን አሮጌ ሰፌዶች ሰቀልን።

ከማድ ቤቱ በር ደግሞ ከፍ ያለ የረከቦት ጠረጴዛ ሠራ። ከሰሉ የሚቀመጥበትን በቆርቆሮ ለበጠው። እኔ አላዘዝኩትም። ዋጋም አልጨመረበትም። ያቺ ሁለተኛዋ ቁጥር ይህቺ ኖራለች፣ እናቴ ተቀምጣ እጇ የሚደርስበት ከፍታ።

በጠቅላላ 9,500 ብር ከፈልኩ። ለአንድ ሶፋ ብቻ 65,000 ተጠርቶብኝ ያውቃል።

ሥራው ባለቀ ማግስት እናቴ ራሷ ቆልታ፣ ራሷ አፈላች። እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። አናጢው እስከ በረካ ተቀመጠ። «እጅህ ይባረክ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ» ብላ ስትመርቀው መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሌሎቻችሁ እባካችሁ ይህን ሰው አሠሩት። የተሰበረ በር፣ ያረጀ አልጋ፣ የተጣለ ሳንቃ ካላችሁ ለማገዶ ከመፍለጣችሁ በፊት አሳዩት። ብቻውን ስለሚሠራ ሠርግ ያለባችሁ ቀደም ብላችሁ ንገሩት። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ካስፈለገም ራሴ እወስዳችኋለሁ። መጀመሪያ ሥራውን በዓይናችን እንይ የምትሉ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ብቅ በሉ። ቡናውን የምታፈላው እናቴ ናት።