አራት ቅዳሜ ፔዳ ሰፈር፦ የፓይተን ትምህርቱ እንዴት ነበር?

ሥራዬ ሒሳብ መያዝ ነው። ጠዋት ጣና ዳር ጀልባ ሲገባ የዓሣውን ኪሎ እመዘግባለሁ። ቆሮሶ ስንት፣ አምባዛ ስንት፣ ማን አመጣው። ድሮ በደብተር ነበር። በኋላ የእህቴ ልጅ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈልኝ። እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ ሲሄድ ፕሮግራሙ እኔ እጅ ላይ ቀረ። በ45 ዓመቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍል የገባሁት ለዚህ ነው።

ቦታው ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ነው፤ ከታች ፎቶ ኮፒ ቤት ያለበት ፎቅ፣ ሁለተኛው ደርብ። አራት ቅዳሜ፣ እያንዳንዱ ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ያህል፣ 2,400 ብር። 11 ሰው ነበርን፤ አብዛኛው የፖሊ (የምህንድስናው ግቢ) ተማሪ ነው።

እኔ የሄድኩት አንድ ችግር ይዤ ነው። አንድ አጥማጅ ባዶ እጁን የተመለሰ ቀን አምባዛው ላይ 0 ብዬ ሞላሁ። ማታ ሪፖርቱን ሳወጣ 10 ኪሎ ይላል። ያልተያዘ ዓሣ ተመዝግቦ ቁጭ! ይሄ የሰው ገንዘብ ነው። ደብተርና ኮምፒውተር ሳመሳክር ሦስት ቀን ፈጀሁ፤ ምክንያቱ ግን አልተገኘም።

መምህሩ ወጣት ልጅ ነው። መስመሩን ዝቅ ብሎ አየና «እትዬ፣ እቺን ኦር ያዩዋታል?» አለኝ። የተጻፈው «ኪሎ = የገባው ኦር 10» ነበር፤ ኦር «ወይም» ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ቦታው ሳይሞላ ከታለፈ 10 ይያዝ ብሎ ነው። ፓይተን ግን 0ን እንደ ሐሰት ይቆጥረዋል። ኦር ደግሞ ግራው እውነት ከሆነ ግራውን ራሱን ይሰጣል፤ ሐሰት ከሆነ ቀኙን። የእኔ 0 ተጣለ፣ 10 ገባ። «ምንም አላመጣም» እና «ገና አልጻፍኩም» ለኔ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለዚያች መስመር ግን አንድ ነበሩ። ያልተሞላውን ለብቻው ጠይቀን አስተካከልነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

እዚያው ሰሌዳው ላይ ሌላ ነገር አሳየን። «4 ኤንድ 2» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ 2 ነው፤ ኤንድ «እና» ማለት ነው። «4 & 2» ሲል ግን 0። ሁለቱም «እና» ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። ኮምፒውተር ቁጥርን በ0 እና በ1 ብቻ ነው የሚይዘው፤ በዚያ አጻጻፍ 4ን 100፣ ከሥሩ 2ን 010 ብሎ ጻፈ። & ቁጥሩን እንዳለ አያየውም፤ ዓምድ በዓምድ ነው የሚወርደው። ላይም ታችም 1 ያለበት ዓምድ የለም፣ ስለዚህ 0። «4 ኪሎ ቆሮሶና 2 ኪሎ አምባዛ ያመጣን ሰው፣ ሁለቱንም አምጥቷል ወይ ብለው በ& ቢጠይቁ አላመጣም ይልዎታል» አለኝ። ክፋቱ 5 እና 3 ቢሆኑ 1 ይወጣና ልክ ይመስላል። ስህተቱ አንድ ቀን ይታያል፣ አንድ ቀን ይደበቃል።

ሁለተኛው ቅዳሜ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ርዕሱ ለአንድ ምልክት ብዙ ሥራ መስጠት ነበር፤ እነሱ ኦፕሬተር ኦቨርሎዲንግ ይሉታል። በእንግሊዝኛ ትርጓሜ አልጀመረም። «ሽንኩርት ቆረጠ፣ ትኬት ቆረጠ፣ ተስፋ ቆረጠ» ብሎ ጻፈ። ግሱ አንድ ነው፤ ሥራውን የሚወስነው የሚቆረጠው ነገር ነው። + ም እንደዚሁ ነው። 2 + 3 አምስት ይሆናል፣ «ባሕር» + «ዳር» ግን «ባሕርዳር»። ከዚያ የራሳችንን የመረጃ ዓይነት እንድንሠራ አደረገን። እኔ «ኪሎ» እና «ብር» የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ሠራሁ፤ ፓይተን 3 ስም በፊደላችን ቢጻፍ ይቀበላል። ኪሎና ኪሎ ሲደመሩ ኪሎ ይሆናሉ። ኪሎና ብር ሲደመሩ እንቢ እንዲል አደረግኩት። ግራው «ይሄን አላውቅም» ሲል ፓይተን ዞሮ ቀኙን ይጠይቃል፤ ሁለቱም ካላወቁ ስህተት ብሎ ይቆማል። ያን ቀይ ጽሑፍ ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስንቴ በደብተር የኪሎውን ዓምድ ከብሩ ጋር ደምሬአለሁ!

አንዱ የፖሊ ልጅ ኤንድ እና ኦርንስ ለምን እንደ + አንቀይራቸውም ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ መልሱም ጥሩ ነበር። ኤንድ ግራው ሐሰት ከሆነ ቀኙን ጨርሶ አይነካውም። ለተራ ምልክት ግን ሁለቱም ወገን ተሰልተው ነው የሚደርሱት። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው ሌላ ቋንቋ «እና»ን እንድንቀይር ይፈቅዳል፣ ስንቀይረው ግን ያ ቀኙን የመተው ጠባዩ ይጠፋል። ለፓይተንም ይፈቀድ የሚል ሐሳብ ፔፕ በሚባሉት የፓይተን ማሻሻያ ሐሳቦች ውስጥ በቁጥር 335 ቀርቦ እንደ ፈረንጆቹ 2012 ላይ ውድቅ ሆኗል።

እውነትና ሐሰት ፓይተን ውስጥ የቁጥር ዘመዶች መሆናቸውንም ያወቅኩት እዚህ ነው። እውነት ሲደመር እውነት 2 ነው። ከ20 ኪሎ በላይ ያመጡትን ለመቁጠር አሁን መልሶቹን መደመር ብቻ ይበቃኛል።

ቅር ያለኝም አለ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሦስት ሶኬቶች ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ግማሹን ሰዓት በወረቀት ተማርን፤ ማካካሻ አልተሰጠንም። ከዚህ በላይ ያናደደኝ የፓንዳስ (የፓይተን የሠንጠረዥ መሥሪያ) ሠንጠረዥን በ20 ደቂቃ ሮጠው ማለፋቸው ነው። እዚያ ሙሉ ዓምድን በአንድ ጊዜ ለማጣራት የግድ & ያስፈልጋል። & ደግሞ ከ> ቀድሞ ይሰላል። «(ኪሎ > 5) & (ኪሎ < 20)» ብሎ በቅንፍ ካላጠሩት መጀመሪያ የሚገናኙት 5 እና ኪሎ ናቸው፣ ከዚያ ስህተት ይወጣል። ይሄን የሚነግረኝ አጥቼ ቤት ግማሽ ቀን ተቃጠልኩ። ሦስተኛውን ቅዳሜ ለዚህ ብቻ ቢሰጡት እወድ ነበር።

ቀድሞ ምንም ነክቶ ለማያውቅ ሰው ፍጥነቱ ይከብዳል። የራሱ ፕሮግራም ወይም የራሱ መዝገብ ላለው ግን 2,400 ብሩ አይቆጭም። መምህሩ ሰዎች የራሳቸውን ሥራ ይዘው ሲመጡለት ይበልጥ ነው የሚያስተምረው፣ ስለዚህ የተበላሸባችሁን ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ባትሪ ሙሉ ይሁን፤ ማከፋፈያ ገመድም አትርሱ። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ከሰሌዳው ነጸብራቅ የተነሳ አያሳይም፤ በሩ ጋ ተቀመጡ።