«ጀንትልመንስ አግሪመንት»፦ ጥላቻን ከጨዋ ሰዎች ማዕድ የፈለገ ፊልም

እ.ኤ.አ. በ1947 በኤልያ ካዛን ዳይሬክተርነት የተሠራው «ጀንትልመንስ አግሪመንት» (የጨዋ ሰዎች የቃል ስምምነት)፣ በአሜሪካ ኑሮ ውስጥ ስለነበረው ፀረ አይሁድ ጥላቻ ሲወራ ስማቸው ቀድሞ ከሚጠራ ፊልሞች አንዱ ነው፤ በምርጥ ፊልም፣ በምርጥ ዳይሬክተርና በምርጥ ረዳት ተዋናይት ዘርፎች ሦስት ኦስካሮችን ወስዷል። ከሎራ ሆብሰን ልብ ወለድ የተወሰደው ታሪክ፣ ግሪጎሪ ፔክ የሚጫወተው ፊል ግሪን የተባለ ጋዜጠኛ ስለ ጉዳዩ ለመጽሔት ለመጻፍ ሲል፣ ኒው ዮርክ ውስጥ አይሁዳዊ ነኝ ብሎ መኖር ሲጀምር የሚገጥመውን ያሳያል።

ከሁሉ የላቀው ትዕይንት የሆቴሉ ነው። ፊል ለጫጉላው ያሰበው ሆቴል አይሁዶችን እንደማያስተናግድ ሰምቶ ይሄድና፣ እንግዳ መቀበያው ፊት ቆሞ፣ ይህ ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁ አይሳደብም፣ ድምፁንም ከፍ አያደርግም፤ ቁርጥ ያለ መልስ ግን ከአፉ አይወጣም። ሌላ ሆቴል እንደሚሻል በትሕትና ይጠቁማል፣ ደወሉን ይመታል፣ ተላላኪውም የፊልን ሻንጣ ያነሣል።

የፊልሙ ዋነኛ ተከሳሽ ግን ከንፈር መጥጦ የሚያልፈው ሰው ነው። የፊል እጮኛ ካቲ ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም የጽሑፉን ሐሳብ ያመነጨችው እርሷ ናት። ሆኖም አይሁዳዊው የፊል ጓደኛ ዴቭ ለቤተሰቡ የሚሆን ቤት አጥቶ ሲንከራተት፣ ኮነቲከት ውስጥ ዳሪየን ያለው ቤቷ ባዶውን ቢቀመጥም፣ የሰፈሩ ሰዎች አይሁድ እንዳይገባ በቃል ስለተስማሙ ልትሰጠው ትፈራለች። ኋላም አንድ ሰው ማዕድ ላይ አይሁድን የሚያንቋሽሽ ቀልድ ሲናገር እንዴት እንዳንገሸገሻት ለዴቭ ስትነግረው፣ እርሱ ደጋግሞ «ታዲያ ምን አደረግሽ?» ይላታል። ራሱም አይሁዳዊ የነበረው ጆን ጋርፊልድ ጥያቄውን ያለ ቁጣ ስለሚያቀርበው፣ ከፔክ ረጃጅም ንግግሮች ሁሉ ይልቅ አጥንት ይሰብራል። የፊል ጸሐፊም በትክክለኛ ስሟ ስታመለክት የከለከላት፣ ስሟን ስትለውጥ የቀጠራት፣ ይኸው ጥላቻን ሊያጋልጥ የተነሣው መጽሔት መሆኑን ስንሰማ እንደነግጣለን።

ድክመቱ ስብከት መብዛቱ ነው። ከዚያም በላይ፣ የአይሁድ መገፋት የሚነገረን ባሻው ጊዜ ማስመሰሉን ሊተው በሚችል ሰው በኩል ሲሆን፣ ሊተው የማይችለው ዴቭ ግን ዳር ይዞ ይቀራል። በዚያው ዓመት የወጣው የኤድዋርድ ድሚትሪክ «ክሮስፋየር»፣ አይሁዳዊን በጥላቻ የገደለ ወታደር የሚታደንበት የወንጀል ፊልም በመሆኑ፣ ከዚህ ይልቅ የተጨመቀና ልብ የሚሰቅል ነው። (የተወሰደበት ልብ ወለድ ውስጥ ሟቹ አይሁዳዊ ሳይሆን ግብረ ሰዶማዊ ነበር፤ የዘመኑ የሆሊውድ ሳንሱር ግን ያንን አይፈቅድም ነበር።) ይሁንና ነፍሰ ገዳይን ያየ ተመልካች «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ መውጣት ይችላል፤ ካቲን አይቶ ግን እንዲህ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ አንዱን ብቻ የማየት ጊዜ ላለው ሰው፣ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋውን የካዛንን ሥራ እመርጥለታለሁ።

ቅር የሚያሰኘኝ አጨራረሱ ነው። ካቲ በመጨረሻ ቤቱን ለዴቭ ትፈቅዳለች፣ ከፊል ጋርም ትታረቃለች፤ የዴቭ ቤተሰብ ዳሪየን ሲገባ ጎረቤቶቹ ምን እንዳደረጉ ግን ፊልሙ አያሳየንም።