ለቤት ፊልም ማከማቻ ሰርቨር፦ ራስበሪ ፓይ ወይስ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ?

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ «ፊልምና ፎቶ የማስቀምጥበት፣ ቀን ከሌት በርቶ የሚውል፣ ግን መብራት የማይበላ ምን ልግዛ?» መልሱ፦ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው፣ ያገለገለ አነስተኛ የቢሮ ዴስክቶፕ። ራስበሪ ፓይ፣ መዳፍ የምታክለው ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር፣ በዋጋ ያማልላል፤ የሚያማልለው ግን የባዶ ቦርዱ ዋጋ ነው።

እንደምረው። ፓይ 5 ዴስክቶፕ ውስጥ ሃርድ ዲስክ የሚሰካበት የሳታ መሰኪያ የለውም። 5 ቮልት 5 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ይፈልጋል፤ በ3 አምፔር ካስነሳችሁት ዩኤስቢዎቹ ሁሉ ተደምረው 600 ሚሊአምፔር ብቻ ይደርሳቸዋል፤ የላፕቶፕ ዲስክ እንኳ በዚህ መነሳት ሊያቅተው ይችላል። 3.5 ኢንች ዲስክ ደግሞ 12 ቮልት ስለሚፈልግ የራሱ አዳፕተር ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ ማቀፊያ ይገዛለታል። ማራገቢያና ኬዝ ጨምሩ። ሲስተሙን ሜሞሪ ካርድ ላይ ከጫናችሁት መጻፍ ሲበዛበት ካርዱ ስለሚያልቅ ኤስኤስዲም ጨምሩ። ድምሩ የዴስክቶፑን ዋጋ ይጠጋል፤ ብዙ ጊዜም ያልፈዋል።

«መብራቱስ?» አንድ ዋት ዓመት ሙሉ ሲበራ 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ዴስክቶፑ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ከፓይ 10 ዋት ቢበልጥ፣ በዓመት 88 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በምትከፍሉት ታሪፍ አባዙና ከማቀፊያውና ከአዳፕተሩ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ትልቅ ዲስክ ሲሽከረከር ብቻውን 5 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ በሁለት ትናንሽ ዲስኮች ፋንታ አንድ ትልቅ መግዛትም ቁጠባ ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ «ቲ» ላለው ፕሮሰሰርም ጭማሪ አትክፈሉ፤ የሚበላው የመብራት ጣሪያ ዝቅ ይላል እንጂ ሥራ ሲፈታ ከወንድሙ እምብዛም አይለይም።

ፓይን የሚያስጠላው ግን ዋጋው ሳይሆን ማቀፊያው ውስጥ ያለው የዩኤስቢ ወደ ሳታ መለወጫ ነው። በርካሾቹ ላይ ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ዲስኩ ድንገት ይጠፋል፤ ሊኑክስ ሎጉ ላይ «ሪሴት» ይደረደራል። ሰው ዲስኩ ሞተ ብሎ ይጥለዋል፤ ጥፋቱ የመለወጫው ቺፕ ነው። ዩኤኤስ የሚባለውን ፈጣን የዩኤስቢ ዲስክ አሠራር ማጥፋት ብዙ ጊዜ ያረጋጋዋል፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል። ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የጤና መረጃ የማያሳልፉ መለወጫዎችም አሉ፤ ዲስኩ መታመሙን ሳታውቁ ያርፋል።

ስልካችሁ ወይም ቲቪያችሁ ፋይሉን እንዳለ ማጫወት ካቃተው ሰርቨሩ ቪዲዮውን መለወጥ አለበት። ፓይ 5 ለዚህ የሚሆን የሃርድዌር ኢንኮደር፣ ማለትም ቪዲዮ የሚጨምቅ የተለየ ክፍል፣ የለውም። የኢንቴል ስምንተኛው ትውልድ ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ (ኤች.265) የተባለውን የቪዲዮ ቅርጸት በግራፊክሱ ይወጣዋል፤ ስድስተኛው ግን እዚያ ላይ ይንገዳገዳል፣ ስለዚህ ስለረከሰ አትሳቡ። ጄሊፊን የተባለው የፊልም ሰርቨር ፕሮግራም ይህን በነፃ ይጠቀምበታል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር ኤቪ1 የተባለውን አዲስ የቪዲዮ ቅርጸት ይፈታል፤ ስምንተኛው ትውልድ አይችልም። ፋይሎቻችሁ በብዛት ኤቪ1 ከሆኑ እሱን ውሰዱ። አለዚያ በእሱ የተሠሩት አብዛኞቹ ትናንሽ ሳጥኖች 3.5 ኢንች ዲስክ ስለማይዙ ወደ ዩኤስቢው ጣጣ ይመልሷችኋል።

ዴስክቶፑን ስትገዙ አስነሱትና ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገኘው መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ግቡ፤ የድሮው መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል ካለበት ተዉት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። ነቅላችሁ ስትሰኩት ሰዓቱን ከረሳና ቁልፍ ተጫኑ እያለ ከቆመ፣ ሲአር2032 ባትሪው አልቋል፤ ርካሽ ነው፣ ቀይሩት። ፓወር ሰፕላዩ ግን ብዙ ጊዜ የዚያ ሞዴል ብቻ ነው፤ ተራው አይገጥምለትም። መለዋወጫው መኖሩን ሳታጣሩ አትክፈሉ።

ለሁለተኛው ዲስክ ከሞሌክስ (የድሮው ባለ አራት ሽቦ የኃይል መሰኪያ) ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድ ካስፈለገ፣ መሰኪያው ላይ ፕላስቲክ ቀልጦ ሽቦዎቹን የዋጠበትን አትግዙ። ውስጡ ሽቦ ለሽቦ ከተነካካ ይቀልጣል፣ ዲስኩንም ይዞ ይሄዳል። ሽቦው አንድ በአንድ ተነክሶ የገባበት፣ ከኋላ ክዳኑ የሚከፈት ይሻላል።

ኪስ የሚገባ «16 ቴራባይት» ኤስኤስዲ በርካሽ ካያችሁ ፎርጅድ ነው፤ ሲከፈት ሜሞሪ ካርድ የተለጠፈበት ቦርድ ይወጣል። መጠኑን ትልቅ ብሎ ይነግራችኋል፣ ሲሞላ የቀደመውን ፋይል እየደረበ ያጠፋል። «አዲስ» የተባለ ሃርድ ዲስክም የሥራ ሰዓቱ ዜሮ ተደርጎ ሊሸጥ ይችላል፤ የብሎን ቀዳዳዎቹንና የሳታ መሰኪያውን በብርሃን እዩ፣ ተሰክቶ የተነቀለ ጭረት አለው። ቤት ሲገባ ኤፍ3 በተባለው የዲስክ መፈተሻ ፕሮግራም ዳር እስከ ዳር ጽፋችሁ መልሳችሁ አንብቡት፤ ትልቅ ዲስክ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። መመለሻው ቀን ሳያልፍ ጀምሩ።